ባው እና አርባ አንድ ቁጥር

ባው ዶቃ የምትሠራው ጧት ጧት ነው፤ ፀሐዩ ዐይን ሳይወጋ። የሰጎን እንቁላል ቅርፊት በጥፍር መቁረጫ እየከረከመች ክብ ታደርገዋለች፣ መሐሉን በተሳለ ሽቦ ትበሳዋለች፣ ከዚያ ፍሬዎቹን በጅማት ላይ ደርድራ ጠርዛቸው እስኪለሰልስ በድንጋይ ትሞርዳቸዋለች። ከአሥር ፍሬ ሦስቱ ሲበሱ ይሰበራሉ። ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሠራ ኖራ ዛሬ በአንገቷ ላይ የራሷ የሆነ አንድም ዶቃ የለም። በመንደሯ በጻውካ ዶቃ ሠርቶ ለራስ ማስቀረት ነውር ነው።

ዶቃ ለሃሮ ነው። ባው ለጎረቤቷ ትሰጣለች፤ ጎረቤቷ አጥልቃው ትቆይና ሩቅ መንደር ላለች አክስቷ ታሻግረዋለች፤ ከሁለት ወይም ከሦስት ዝናብ በኋላ ለባው ብርድ ልብስ፣ ቢላ ወይም ድስት ይመጣላታል። ቶሎ የመለሰ ሰው መንገዱን ሊዘጋ የቸኮለ ይመስላል። ጭራሽ ያልመለሰ፣ ወይም የተሰጠውን ይዞ የቀረ ሰው ግን ልቡ ሩቅ ነው ይባላል፤ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። የሚበላ ነገር በሃሮ አይቆጠርም። ምግብ የሁሉም ነው፤ ተበልቶ ያልቃል፤ ማንም አያስታውሰውም።

የተወለደችው እዚሁ ካላሃሪ ውስጥ ነው። ሰባት ዓመት ከተማ ተምራለች፤ ከዚያ በደቡብ በኩል በአንድ የከብት እርሻ ወጥ ቤት ስድስት ዓመት ሠርታ የነጮቹን ሁለት ቋንቋዎች ለምዳለች። ሃያ ሦስት ዓመት ሲሞላት ታላቅ እህቷ ዲካዎ በመንገደኛ መልእክት ላከችባት፦ «ፓምፕ ተተክሏል፣ ውሃ አለ። ሴት ልጅ ወልጃለሁ፤ ሞክሼሽ ናት። የሰው ሳህን ማጠቡን ተዪና ነዪ።» ባው መጣች። በጻውካ ሞክሼ ትልቅ ነገር ነው። ስምሽን የያዘች ልጅ ግማሽ አንቺው ናት፤ ስትሞቺ የምትቀሪው በእሷ ነው። ሞክሼዎች እንደ ልባቸው ይሰዳደባሉ፤ የሚቆጣቸው የለም።

ሐኪሞች የመጡት ትንሿ ባው አሥራ አንድ ዓመት ሲሆናት ነበር፤ በብርዱ ወራት። ከባሕር ማዶ የመጡ ሁለት ሰዎችና አንድ ሾፌር ናቸው። የምትመራቸው ዶክተር ማርጊት የምትባል ረጅም፣ ፀሐይ አፍንጫዋን የላጣት ሴት ነበረች። በግራሩ ሥር ሰው ተሰበሰበ። ዶክተሯ ባለ ሁለት ገጽ ወረቀት አውጥታ ለባው ሰጠቻትና ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር እንድትመልሰው ጠየቀቻት።

«የምንፈልገው አክታና ትንሽ ደም ነው። ስለ ሳንባ ነቀርሳ ነው የምናጠናው። ማንም አይገደድም። የምናገኘው ውጤት ለማኅበረሰቡ ይጠቅማል በላቸው።»

ባው ወረቀቱን አየችው። «ጥናት» የሚለውን በምን ትበለው? «ውጤት»ስ? ሰው ከአካሉ የሆነ ነገር ለማያውቀው ሰው ሰጥቶ፣ ያ ሰው ወስዶት ሄዶ፣ ቆይቶ ጥቅም የሚመጣበት አንድ ነገር ብቻ ታውቅ ነበር።

«ደማችሁንና አክታችሁን በሃሮ ነው የሚጠይቁት» አለች። «ወስደው ውስጡን ያዩታል። ያዩትን ደግሞ ይመልሱልናል።»

«በእኔ ደም ውስጥ ምን ሊያዩ ነው?» አለ ካሻይ። ካሻይ የጻውካ ውሃ ባለቤት ነው፤ እሱን ሳያስፈቅድ ከዚያ ጉድጓድ የሚጠጣ የለም፤ እሱም ጠይቆት የከለከለው ሰው የለም። «እኔ ውስጥ ትምባሆ ብቻ ነው ያለው። ያንን ቀድተው ከመለሱልኝማ ጥሩ።»

ሰዉ ሳቀ። ዶክተሯም አብራ ፈገግ አለች።

«እና ምን ልበላት?» አለች ባው።

«ውሃ ለጠየቀ እምቢ ይባላል? ይውሰዱ። ሩቅ ነው የመጡት፤ መንገድ ይኑረን።»

«እሺ ብለዋል» ስትል ባው ለዶክተሯ አስተረጎመች። አርባ ስድስት ሰው አውራ ጣቱን ቀለም እየነከረ ወረቀቱ ላይ አሳረፈ።

ዲካዎ ያኔ ሁለት ወር ያህል ሲያስላት ቆይቷል። ቀጭን፣ አፈኛ ሴት ነበረች። ተራዋ ደርሶ አክታዋን ስትተፋ ዶክተሯን ቀና ብላ አየቻት። «አንቺ ቀጭኔ፣ ይሄን ሁሉ ለባልሽ ወጥ ልታወፍሪበት ነው?»

ሴቶቹ ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ።

«ምን አለች?» አለች ዶክተሯ።

«ደስ ብሎኛል ነው የምትለው።»

ከዚያ ዲካዎ በአንገቷ የነበረውን ዶቃ አወለቀች። የራሷ ሥራ ነበር፤ ቀዳዳው ከሌላ ሰው ሥራ ሁሉ የጠበበ። ወደ ዶክተሯ ሄዳ በእግር ጣቷ ተንጠራርታ አጠለቀችላት። ዶክተሯ ፊቷ ቀላ፤ ዐይኗም እንባ ያቀረረ መሰለ።

ባው ያን ቀን ብልቃጦቹ ላይ ቁጥር በመለጠፍ ስትረዳ ዋለች። ለራሷ ደግሞ በትምህርት ቤት ደብተሯ ላይ ስምና ቁጥሩን ጎን ለጎን ጻፈች። ማንም አላዘዛትም። አርባ ስድስት ሰው በአንድ ቀን ሃሮ ሲሰጥ አይታ አታውቅም፤ ማን ምን እንደሰጠ የሚያስታውስ ሰው ያስፈልጋል ብላ ነው። ዲካዎ አርባ አንድ ነበረች።

እንግዶቹ ሲሄዱ ለየጎጆው የበቆሎ ዱቄት፣ ስኳርና ሻይ አወረዱ። ካሻይ ዱቄቱን በጣቱ ቆንጥሮ ቀመሰ። «ይሄ ዱቄት ነው ወይስ የአይጥ አመድ? እኛን ምን መስለናቸዋል? እስቲ እንግዲህ፣ ጥርስ ሳያስፈልግ እንዋጠው።» ጥሩ ምግብ የሚመሰገነው እንዲህ ነው። በሁለት ሳምንት ተበልቶ አለቀ። ለዶክተር ማርጊት ነገሩ በዚያ ዱቄት ተዘጋ፤ ለሰጡት አካል የተገባ ምስጋና ነበርና። ለጻውካ ሰዎች ግን ገና ምንም አልተመለሰም ነበር።

ዲካዎን የከተማው ክሊኒክ ነርስ መርምሮ እንክብል ሰጣት። ስድስት ወር ዋጠችው። ባው በየጧቱ ፊቷ ቆማ፣ ምላሷን አስወጥታ እያየች ታስውጣት ነበር። ሳሉ ግን አልለቀቃትም፤ ቀሚሷ ከትከሻዋ መንሸራተት ጀመረ። ነርሱ «አስተካክላችሁ አልዋጣችሁም» ብሎ ተቆጣና እንደገና አስጀመራት።

ባው ዶክተሯ የጻፈችላት ስልክ ቁጥር ነበራት። ስልክ የሚሠራው ከተማ ነው፤ ግማሽ ቀን መንገድ። አንድ ማለዳ ወረቀቷን ይዛ ካሻይ ጎጆ ሄደች።

«ልደውልላት?»

«ለማን?»

«ለዶክተሯ። በዲካዎ ደም ውስጥ ምን እንዳየች ልጠይቃት።»

«ስንት ዝናብ አለፈ?»

«አንድ።»

«አንድ ዝናብ!» ካሻይ ፒፓውን ከአፉ አወጣ። «ብርድ ልብስ እንኳ በአንድ ዝናብ አይመጣም። እርሻው ቤት ነው ይሄን የተማርሽው? ሄደሽ ‘የሰጠሁሽን አምጪ’ ብለሽ ስትጮሂ እኔን እንዳትጠሪኝ። ‘የማላውቃት ሴት ናት፣ ከመንገድ ነው ያነሳናት’ እላለሁ።»

ባው ሳቀች፤ ወረቀቷንም አጣጥፋ ተመለሰች። በሁለተኛው ዝናብ ደግሞ ዲካዎ ራሷ ከለከለቻት። መቀመጥ አቅቷት በጎኗ ተኝታ ነበር።

«ተያት። ትመጣለች። ዶቃዬ አንገቷ ላይ አይደል? ያሳክካታል።»

ዝናቡ አልፎ ብርዱ በገባ በሦስተኛው ወር ዲካዎ ሞተች። የመጨረሻ ጊዜ ክሊኒክ ስትመዘን ሠላሳ አንድ ኪሎ ነበረች። ድሮ ቢሆን መንደሩ ተነስቶ ርቆ ይሄድ ነበር፤ የሞተ ሰው ይናፍቃል፣ የናፈቀውንም ሰው ያሳምማል። አሁን ፓምፑ ስለማይነሳ ጎጆዎቹ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ብቻ ተሻገሩ።

ከሞተች አራት ዓመት አለፈ። ኩንታ የሚባል የአገሩ ተወላጅ፣ ከተማ ባለው የሕዝቡ ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት የሚሠራ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆነው ሰው፣ አንድ የታተመ ወረቀት ይዞ ጻውካ መጣ። ወረቀቱ ዶክተር ማርጊት ስለ እነሱ የጻፈችው ነበር። ባው አጠገቡ ተቀምጣ እየገለጠ ሲያነብላት ሰማች።

«ከአርባ ስድስቱ ሰዎች ዘጠኙ ነቀርሳ አለባቸው ይላል። ከዘጠኙ ሦስቱ ደግሞ መድኃኒት የተላመደ ነው። ያ ተራው እንክብል የማይነካው ነው፤ ሌላ መድኃኒት አለው።»

«ሦስቱ እነማን ናቸው?»

«ስም የለም። ቁጥር ነው ያለው። አሥራ ሰባት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ አርባ አንድ።»

ባው ተነስታ ጎጆዋ ገባች። ደብተሯን ከቆርቆሮ ሣጥኗ አውጥታ ተመለሰች። አሥራ ሰባት የካሻይ ታናሽ ወንድም ነበር፤ ሞቷል። ሃያ ዘጠኝ ወደ ደቡብ እርሻዎች የሄደ ሰው ነው፤ ወሬው ጠፍቷል።

«መቼ ነው ይሄን ያወቁት?»

ኩንታ ፈለገና አገኘው። «ደሙን በወሰዱ በአምስተኛው ወር።»

በአምስተኛው ወር ዲካዎ የመጀመሪያውን እንክብል እየዋጠች ነበር። ባው ምላሷን ታይላት ነበር።

«ለምን አልነገሩንም?»

«ለማን ይንገሩ? ስማችሁን አጥፍተውታል። ሕጋቸው ነው፤ ቁጥሩ ብቻ ነው የሚቀረው። እናንተን ለመጠበቅ ተብሎ ነው።»

«ከማን?»

ኩንታ የቀረውን አነበበላት። ከነቀርሳው ምርመራ የተረፈው ደም ለሌሎች ሰዎች ተላልፏል፤ እነሱ ደግሞ የሕዝቡ ዘር ጥንት ከየት እንደተነሳ አጥንተውበታል። ደሙ አሁንም ባሕር ማዶ፣ በረዶ ውስጥ አለ።

«ዲካዎ በረዶ ውስጥ ናት?» አለች ባው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለማንም አላስተረጎመችም። የመንግሥት ሰው ሲመጣ፣ ቱሪስት ሲመጣ «ቋንቋ አላውቅም» ትላለች። አንዳንዱ ያውቃት ነበርና ይሳደባል፤ እሷ ዝም ብላ ዶቃዋን ትበሳለች። ኩንታና ምክር ቤቱ በበኩላቸው ደንብ አወጡ። ማንም ጥናት አድራጊ መጀመሪያ ከሰዉ ጋር ሳይቀመጥ፣ ምን ሊያደርግበት እንደሆነ ሳያስረዳና ሳይፈርም አንዲት ጠብታ እንዳይወስድ ነው። ሁለት ቡድን ደንቡን አይቶ ሳይመጣ ቀረ።

ባለፈው ዓመት በብርዱ መግቢያ ኩንታ እንደገና መጣ። ዶክተር ማርጊት ልትመጣ ትፈልጋለች አለ፤ መድኃኒት የተላመደው ነቀርሳ በአካባቢው ምን ያህል እንደተስፋፋ ልታይ። አክታውን ወደ ዋና ከተማው ወደ ዊንድሁክ ልካ የትኛው እንክብል እንደሚሠራ፣ የትኛው እንደማይሠራ በሦስት ሳምንት ታውቃለች።

«ሰዉ ይቀበላታል አይቀበላትም፣ እሱን ራሱ ይወስን» አለ። «ግን የሚያስተረጉም እፈልጋለሁ። ወይስ ከከተማ ላምጣ?»

«አምጣ» አለች ባው።

ከኋላዋ ትንሿ ባው ሳለች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እንደ እናቷ ቀጭን፣ እንደ እናቷ አፈኛ። መሳል የጀመረችው ከዝናቡ በፊት ነው። ክሊኒኩ አክታዋን «ይላካል» ብሎ ከተቀበላት ሁለት ወር አልፏል፤ እስከዚያው ተራውን እንክብል ሰጥቷታል። ባው በየጧቱ ታስውጣታለች። ቀሚሷን በመርፌ ቁልፍ ማጥበብ ጀምራለች።

«ሞክሼ» አለች ትንሿ ባው፤ «አንቺ ካላስተረጎምሽ ከከተማ የሚያመጡት ያ ጥርሰ ገጣጣ ነው። እሱ ሲናገር ምራቁ ይረጫል። እኔ አንሼ እሱ አክታ ሊሰጥ ነው?»

ባው ድንጋዩን አስቀመጠች። «እመጣለሁ» አለች ለኩንታ።

ዶክተር ማርጊት ስትመጣ ፀጉሯ ሸብቷል። ከመኪናው ወርዳ ወደ ግራሩ ስትራመድ አንገቷ ላይ የዲካዎ ዶቃ ነበር። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አሳየቻቸው፤ አልረሳኋችሁም ለማለት ነው። ከሴቶቹ መካከል አንዷ ሳቀች፤ ሳቁ እየተዛመተ ሄደ። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም።

ካሻይ ዐይኑ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። «ምንድን ነው?» አለ። ሲነግሩት ተደግፎ ተነሳ፣ ወደ ዶክተሯ ሄደ፣ ዶቃውን በጣቶቹ አንድ በአንድ ዳበሰው።

«የዲካዎ እጅ ነው። እንዲህ አጥብባ የምትበሳ እሷ ብቻ ናት። እስከ ዛሬ እዚህ አንገት ላይ ነው?»

«አሥራ አንድ ዝናብ!» አለች አንዲት አሮጊት። «መዥገር እንኳ ይሄን ያህል አይጣበቅም።»

«ጠግባ ስትወድቅ እንጠብቃለን» አለች ሌላዋ።

ዶክተሯ ወደ ባው ዞረች። «ምን አሉ?»

ባው ቃል በቃል ነገረቻት። መዥገሩንም ነገረቻት። ሃሮ ምን እንደሆነ፣ የተሰጠ ዶቃ ወደ ሌላ ሰው መሻገር እንዳለበት፣ ይዞ የቀረ ሰው ልቡ ሩቅ እንደሚባል፣ ሰዎቹ ደማቸውን የሰጡት በምን ሐሳብ እንደሆነ ነገረቻት። ያንን ቃል የመረጠችው ራሷ እንደሆነችም አልደበቀችም።

ዶክተር ማርጊት ዶቃውን አውልቃ ለባው ዘረጋችላት።

«እሱን አይደለም» አለች ባው። «የተሰጠሽን ራሱን ከመለስሽማ መንገዱን ቆረጥሽው ማለት ነው።» ደብተሯን ከቀሚሷ ሥር አውጥታ ገለጠች። «አርባ አንድ። ዶቃውን ያጠለቀችልሽ ሴት አርባ አንድ ቁጥር ናት።»

ዶክተሯ ገጹን አየች። በእስክሪብቶ የተጻፈ፣ በግራ ቁጥር፣ በቀኝ ስም፤ አርባ ስድስት መስመር።

«አርባ አንድን አስታውሳለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ቁጥሩን። ውጤቱ ሲመጣ ለማን እንደምነግር አጣሁ። ዝርዝሩ ተቃጥሎ ነበር። ይሄ እዚህ ነበር?»

«እዚህ ነበር።»

«አልጠየቅሁሽም።»

«እኔም አልደወልኩም።»

«ምን ትላለች?» አለ ካሻይ።

«ለማን እንደምነግር አላውቅም ነበር ትላለች።»

«እኛ እዚሁ ነበርን» አለ ካሻይ። «ፓምፑ አይሄድ።»

ኩንታ ደንቡን ማንበብ ጀመረ። የስሞቹ ዝርዝር በጻውካ ይቀመጣል። የእያንዳንዱ ሰው መልስ ማንኛውም ወረቀት ከመታተሙ በፊት ለሰውየው ይመጣል። ከምርመራ የተረፈው ለሌላ አይተላለፍም። ከበፊቱ የቀረው ደም ይመለሳል። ዶክተሯ ሦስቱን ተቀበለች። በአራተኛው ላይ ራሷን ነቀነቀች።

«ደሙ ከእኔ እጅ ወጥቷል። እጽፍላቸዋለሁ፤ ግን እንደሚመልሱልኝ ቃል መግባት አልችልም።»

ባው ይህንንም እንዳለ አስተረጎመች። ጉርምርምታ ሆነ። «እንግዲያው ትሂድ» አለ የሟቹ የአሥራ ሰባት ቁጥር ልጅ፤ «የአባቴን ይዘው የእኔን ይጨምሩ?» ብዙ ሰው በመስማማት ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሁሉም ወደ ባው ዞረ።

«አንቺ ነሽ ያስገባሽን» አለ ካሻይ። በቁጣ አልነበረም። «እኔም ስልኩን ከለከልኩሽ። እኔ ዐይኔ ጠፍቶብኛል፤ አንቺ እይልን።»

ባው ሰዉን አላየችም። ከግራሩ ግንድ ሥር ነጠላ ብርድ ልብስ ተከናንባ የተቀመጠችውን ሞክሼዋን አየች። ትንሿ ባው አፏን በጨርቅ ይዛ ነበር።

«የዲካዎን ደም እፈልገዋለሁ» አለች ባው። «በረዶ ውስጥ እንድትቀር አልፈልግም። እሱን ሳይመልሱ ምንም አትስጧቸው ብል ደስ ይለኝ ነበር። ግን አሁን እምቢ ካልኩ የምቀጣው እሷን አይደለም፤» ዶክተሯን በአገጯ አመለከተች፤ «ሞክሼዬን ነው። እኔ የምናገረው ለሞክሼዬ ብቻ ነው። የሌላው ሰው አክታ የየራሱ ነው፤ እያንዳንዱ ይበል። አንድ ነገር ግን ስሙኝ። ያን ጊዜ ሃሮ ነው አልኳችሁ። ተሳሳትኩ። ይሄ ሃሮ አይደለም። ዝናብ አይጠበቅለትም። ቀን ነው የሚቆጠርለት።» ወደ ዶክተሯ ዞረች። «ስንት ቀን?»

«ሃያ አንድ።»

«በሃያ ሁለተኛው ቀን መልስ ያልመጣለት ሰው ካለ ወረቀቱ ይቀደዳል። ከእኛ ምንም አታትሚም።»

ዶክተሯ ጻፈችው፤ ፈረመችም።

ሠላሳ ስምንት ሰው አክታ ሰጠ። የአሥራ ሰባት ቁጥር ልጅ አልሰጠም፤ ማንም አልነካውም። ባው በአዲስ ደብተር ላይ ስምና ቁጥር ጻፈች፤ አሁን ሦስተኛ ረድፍ አሰመረች፤ መልስ የመጣበት ቀን የሚጻፍበት። ትንሿ ባው ሃያ ሁለት ቁጥር ሆነች። ዶክተሯ ስትሄድ ዶቃው በእጇ እንደተጨበጠ ነበር። የት እንደምታደርገው አላወቀችም፤ የሚነግራትም አልተገኘም። መኪናው ሲነሳ ከመስታወቱ ሥር ስታኖረው ታየች።

ባው ከዚያ በኋላ በቀን አንድ ዶቃ ብቻ ሠራች። የተሰበረውን አልቆጠረችም። በሰባተኛው ቀን ስልክ መጣ፤ አሁን የውሃው ታንከር ላይ ከወጡ ይሠራል። ስድስት ሰው ንጹሕ ነው። በአሥራ ሁለተኛው፣ በአሥራ አምስተኛውም መጣ። ባው መሰላሉ ላይ እንደቆመች ትጽፍና ወርዳ ለየሰዉ በየጎጆው ትነግራለች። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ዶክተሯ ራሷ ደወለች።

ባው ስትወርድ ትንሿ ባው ታች ቆማ ትጠብቃት ነበር።

«ፊትሽን አየሁት» አለች። «ፊት መደበቅ አትችዪም፤ ለዚህ ነው ባል ያላገኘሽው።»

«የተላመደው ነው። ሁለቱ ዋና እንክብሎች አይነኩትም።»

«እንደ እናቴ።»

«እንደ እናትሽ። ግን ሌላ መድኃኒት አለ። ነገ መኪና ይመጣል፤ ሆስፒታል ትተኛለሽ። ከስድስት ወር በላይ ሊሆን ይችላል። ከባድ ነው አለች፤ ያስመልሳል፤ እግርም ያደነዝዛል።»

«እድን ይሆን?»

«አንዳንዱ ይድናል አለች። ከግማሽ በላይ።»

«ከግማሽ በላይ» አለች ትንሿ ባው። በጨርቋ አፏን ያዘች፣ ሳለች፣ ጨርቁን አየችና አጠፈችው። «እሺ፣ አንቺ እድሜሽን በልተሻል፤ የማይድነው ግማሽ አንቺ ሁኚ። እኔ ከግማሽ በላዩ ልሁን።»

ባው በደብተሯ ሦስተኛ ረድፍ፣ ሃያ ሁለት ቁጥር ጎን ቀኑን ጻፈች። አሮጌውን ደብተርም ገለጠች። አርባ አንድ ጎን ባዶ ነበር። ስለ በረዶው የመጣ ነገር አልነበረም፤ ባዶውን እንዳለ ተወችው።

በማግሥቱ ፒካፑ ሲመጣ ሰዉ ሁሉ ወጣ። ካሻይ ትንሿን ባው «ሆስፒታል ገንፎው እንደ ጭቃ ነው ይላሉ፤ ከወደድሽው ላኪልን» አላት። ባው አሥራ ዘጠኙን ዶቃ በጅማት ሰክታ ይዛ ነበር። ለአንገት አይበቃም፤ የእጅ አንጓ ይዞራል። አሰረችላት።

«ለማን ላሻግረው?» አለች ትንሿ ባው።

«ከጎንሽ ለምትተኛው።»

«ከሞተችስ?»

«ሳትሞት ስጫት። አትቆዪ።»

መኪናው ሄደ። ባው ወደ ጎጆዋ ተመለሰች፤ የጥፍር መቁረጫዋን አንስታ የቀኑን ቅርፊት መከርከም ጀመረች። ሃያኛው ዶቃ ነበር። ስምንት ሰው ገና መልሱን አላገኘም፤ ለዶክተሯ የቀራት አንድ ቀን ነበር።